የሔዋን ስውር ልጆች፦ በጅዳ አሮጌ ቤቶች ማደር

በአል-በለድ፣ በአሮጌዋ ጅዳ፣ ሰው የሚወጣው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ቀኑን በሙቀት ተዘግተው የዋሉ ሱቆች ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይከፈታሉ፤ የቅመምና የቡኹር ሽታ ጠባቦቹን መተላለፊያዎች ያውዳል። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከበላዩ አራትና አምስት ፎቅ የወጡ ነጫጭ ቤቶችን፣ ከግድግዳቸው ገፋ ብለው የወጡትንም በእንጨት ፍልፍል የተሸፈኑ ትልልቅ መስኮቶች ያያል። ሮሻን ይሏቸዋል። ከሮሻኑ ጀርባ የተቀመጠ ሰው መንገዱን አጥርቶ ያያል፤ መንገደኛው ግን ማን እንደሚያየው አያውቅም።

ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ በቅርብ ዓመታት ታድሰው ሆቴል ሆነዋል። ቤት ጆኽዳር፣ ቤት አር-ረይስና ቤት ከድዋን የድሮ ባለቤቶቻቸውን የቤተሰብ ስም እንደያዙ እንግዳ ይቀበላሉ። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው የኖሩ ደጃፎች ተራ በተራ እየተከፈቱ ነው። አል-በለድ ላድር ነው ያለ ሰው ግን ከጅዳ ተወላጅ ወዳጁ አስቀድሞ የሚሰማው «አትፈራም?» የሚል ጥያቄ ነው። የሰፈሩ ባዶ ቤቶች ጅን ሰፍሮባቸዋል እየተባለ ትውልድ አድጓል።

ሐበሻ ይህን ወሬ ግማሹን ያውቀዋል። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት፣ አክስት ወይም ጎረቤት የሌለው ቤተሰብ በወሎ፣ በጅማ፣ በአርሲ ጥቂት ነው፤ ከተመለሱትም ብዙዎቹ በሌሊት ስለሚከፈት በር፣ ማንም በሌለበት ፎቅ ስለሚሰማ ኮቴ የሚያወሩት አላቸው። ያልተወራው ሌላው ግማሽ የበለጠ ይነካናል። ከእነሱ በፊት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት፣ ሳይወዱ በግድ ባሕር የተሻገሩ የአገራችን ሰዎች በእነዚያ ፎቆች ኖረዋል። ጅዳና መካ ስለማይታዩ ነዋሪዎች ከሚያወሩት ውስጥ የእነሱም ድምፅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ድንጋዩ ከባሕር፣ እንጨቱ ከሕንድ

የአል-በለድ ቤት የሚገነባው ከባሕር በተፈለጠ የኮራል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቀዳዳ የበዛበትና ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ትልቅ ክብደት አይችልም፤ ስለዚህ ግንበኞቹ በየተወሰነው ከፍታ ረጃጅም አግዳሚ እንጨቶች በግድግዳው ውስጥ እያስገቡ ያያይዙታል፤ ከላይ በኖራ ይለስኑታል። ለሮሻኑና ለበሩ የሚሆነው ጠንካራ የቲክ እንጨት ከሕንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በመርከብ ይመጣ ነበር። የምጽዋን አሮጌ ከተማ የሚያውቅ ሰው አል-በለድ ሲደርስ እንግድነት አይሰማውም፤ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የተሠራው ቤት አንድ ዓይነት ነው።

ይህ ቤት ሌሊት ዝም አይልም። ኮራሉ የባሕሩን እርጥበትና ጨው ይመጥጣል፤ እንጨቱ በእርጥበቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቀን ከባሕር ወደ ምድር ሲነፍስ የዋለው ነፋስ ሌሊት አቅጣጫውን ይለውጣል። ያኔ አግዳሚዎቹ ተራ በተራ ይንቋቋሉ፤ ተኝቶ የሚያዳምጥ ሰው በባዶ እግሩ ደረጃ የሚወጣ ሌላ ሰው ያለ ይመስለዋል። ደረጃው ያለበት ቦታ የሞቀውን አየር ወደ ጣሪያ እንዲስብ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ምድር ቤት አንድ በር ሲከፈት ላይኛው ፎቅ ሌላው ይዘጋል። መንገድ ላይ የተነገረ ቃል በሮሻኑ ቀዳዳዎች ገብቶ ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ያህል ይሰማል።

ቅርስ የሚያድሱ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በደስታ ያስረዳሉ። ከቤቱ ጋር የሚያድሩት የሌሊት ጠባቂዎችም ማብራሪያውን አይክዱም፤ የእንጨቱን ድምፅ ከሌላው ለይተን እናውቃለን ይላሉ እንጂ። ስለዚያ ስለ «ሌላው» ሲጠየቁ ግን መጀመሪያ ቢስሚላሂ ብለው ነው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው።

«ከሮሻኑ ጀርባ የተቀመጠ ሰው መንገዱን አጥርቶ ያያል፤ መንገደኛው ግን ማን እንደሚያየው አያውቅም።»

ሔዋን ያረፈችበት ቤት

ጅዳ እንግዳ በማሳደር የኖረች ከተማ ናት። ኸሊፋ ዑስማን እ.ኤ.አ. በ647 የመካ ወደብ ካደረጓት ወዲህ በቀይ ባሕር የመጣ ሐጃጅ ሁሉ ደጃፏን ረግጧል። ሐጃጁ ከመርከብ ይወርዳል፣ የዐለዊን ገበያ ያቋርጣል፣ በባብ መካ በኩል ወጥቶ ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ይጓዛል። ጓዙ ተሰናድቶ፣ ግመሉ ተከራይቶ እስኪነሣ ድረስ ማደሪያ ያስፈልገዋል። በሐጅ ወቅት ብዙ ባለቤቶች ቤተሰባቸውን ወደ ላይ ሰብስበው የቀረውን ለሐጃጅ ያከራዩ ነበር። ዛሬ ሆቴል ሆኑ የሚባሉት ቤቶች ሥራቸው ድሮም ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ከአንዳሉስ የመጣው መንገደኛ ኢብን ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 ጅዳ ሲደርስ ያገኘው ማደሪያ ምቾት አልነበረውም። አብዛኛው ቤት የሸምበቆ ነበር፤ የእንግዳ ማረፊያዎቹ በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው ላያቸው ሸምበቆ፣ ሰውም ከሙቀቱ ሸሽቶ የሚያድረው ጣሪያ ላይ። በዚያው ጽሑፉ ግን አንድ ነገር አስፍሯል። በከተማዋ ከፍ ያለ ጥንታዊ ጉልላት አለ፤ የሰው ልጆች እናት ሔዋን ወደ መካ ስትጓዝ ያረፈችበት ቦታ ነው ይባላል። እንደ ጅዳ ትውፊት ከሆነ በከተማዋ የመጀመሪያዋ እንግዳ ሔዋን ናት።

በኋላ ዘመን ጅዳ የታወቀችው በሔዋን መቃብር ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1853 ሄዶ በእርምጃ ለክቶታል፤ ከጭንቅላት እስከ እግር ከመቶ ሜትር የሚበልጥ ረጅም መቃብር ነበር። ለመቃብር ክብር መስጠት ከአምልኮ ጋር ይነካካል በሚል በ1928 ፈረሰ፤ በ1975 ደግሞ ቦታው በኮንክሪት ተደፈነ። የመቃብር ግቢው ዛሬም ከአል-በለድ ብዙ ሳይርቅ አል-ዐማሪያ ሰፈር ይገኛል። ሔዋንን እዚህ ላይ ያነሣኋት በኋላ ከአገራችን በሚመጣ ታሪክ ስለምትፈለግ ነው።

ከቤቶቹ ሁሉ ስመ ጥሩ ቤት ነሲፍ ነው። ዑመር ነሲፍ የተባሉ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1881 ባለው ጊዜ አሠሩት። የሳዑዲ ዐረቢያ መሥራች ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 መጨረሻ ጅዳን ሲይዙ ያረፉት እዚያ ነበር። ደጃፉ ላይ የቆመው የኒም ዛፍ ለረጅም ዘመን በከተማዋ ብቸኛው ዛፍ እንደነበር ይነገራል፤ ደረጃውም ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግመል ጭነቱን እንደያዘ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይወጣ ነበር ይባላል።

ቤት ባዶ ሲቀር

ጅን በአል-በለድ ቤቶች ሰፈረ የሚለው ወሬ የበረታው ከቤቶቹ መራቆት ጋር ነው። የከተማዋ ግንብ በ1947 ፈረሰ። የነዳጅ ገንዘብ ሲገባ ባለጸጎቹ ቤተሰቦች ሰፊ ግቢና ማቀዝቀዣ ወዳለው ወደ ሰሜኑ ሰፈር ሄዱ። ትተውት የሄዱት ቤት ክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ለስደተኛ ተከራየ፤ ለየመኒ፣ ለፓኪስታኒ፣ ለሱዳኒ፣ ለሐበሻ። ሌላው ደግሞ ወራሾች ሳይስማሙበት በሰንሰለት ተዘግቶ ቀረ። ዝናብ በጣሪያ ገባ፣ ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ እሳት ብዙ ቤት በላ። ድመትና የሌሊት ወፍ ገቡ። ልጆችም በዚያ በር ሲያልፉ መሮጥ ጀመሩ።

ጅዳና መካ ባሉበት በሕጃዝ ምድር እናቶች ልጅ የሚያስፈራሩባት አንዲት የተረት ሴት አለች፤ ዱጀይራ ትባላለች፣ እግሯ የአህያ ነው። ከአል-በለድ አራት ሰፈሮች አንዱ ሐረት አል-መዝሉም ስሙን ያገኘው ደግሞ በዑስማኒያ ዘመን ያለ ጥፋቱ ተገድሏል በሚባል ሰው ነው። ደሙ መሬት ላይ ፈስሶ «ተበድሏል» የሚል ጽሑፍ ሠራ ይላል አፈ ታሪኩ። በባሕሩ ማዶ፣ በሱዳን ዳር፣ ጅዳን የምትመስለው የሱዋኪን ፍርስራሽ አለች። ሱዳኖች ስለ እሷ የሚናገሩት ተረት እኛንም ይጨምራል፤ ከሐበሻ ለንጉሥ ሰሎሞን የተላኩ ልጃገረዶች ሱዋኪን አርፈው ሲነሡ ከጅን አርግዘው ተገኙ ይላሉ።

እዚህ ላይ ከአውሮፓ የሆቴል ወሬ ጋር ያለውን ልዩነት ማየት ይገባል። በለንደን ወይም በኤደንብራ «መንፈስ አለበት» የሚባል ሆቴል ውስጥ የሚመላለሰው የሞተ ሰው ነው፤ ስም አለው፣ የሞተበት ክፍል ቁጥር ይታወቃል። በእስልምና የሞተ ሰው ነፍስ ወደ ቤቱ ተመልሶ አይመላለስም። ጅን ግን ራሱን የቻለ ፍጡር ነው፤ ከእሳት የተፈጠረ፣ ቤተሰብና ጎሳ ያለው፣ አማኝም ከሓዲም የሚገኝበት። በባዶ ቤት ቢኖር ጎረቤት ነው፤ ሰላምታና ጥንቃቄ ይገባዋል። ስለዚህ የጅዳ ሽማግሌ ስለ አንድ ቤት ሲጠየቅ እዚያ ማን እንደሞተ አያወራም፤ አሁን ማን እንደሚኖርበት ነው የሚናገረው። በአገራችንም ቆሌ ያለበትን ዋርካ ሲያልፉ ድምፅ ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ያውቁታል።

መካ፦ ጅን የሰለመበት መስጊድ

መካ ሲገባ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከጀነተል ሙዓላ መቃብር አጠገብ፣ የነቢዩ ባለቤት ኸዲጃ ካረፉበት ቅርብ፣ መስጂደል ጅን አለ። ነቢዩ ቁርአን ሲያነቡ የሰሙ ጅኖች አምነው ቃል የገቡት እዚያ ነው ተብሎ ይታመናል፤ ከቁርአን ምዕራፎች 72ኛውም በጅን ስም ይጠራል። በየዓመቱ ሐጃጁ ይጎበኘዋል። ሰው ጅን አለበት የተባለን ቤት እየሸሸ፣ ጅን መጣበት የተባለን መስጊድ ፈልጎ ሄዶ ይሰግዳል። በሃይማኖቱ ዓይን ግጭት የለውም፤ ጅኑም እንደ ሰው ያመነና ያላመነ አለው።

የመካ አሮጌ ቤቶች ግን የጅዳዎቹን ዕድል አላገኙም። ታላቁ መስጊድ፣ ሐረሙ፣ ሲሰፋ በዙሪያው የነበሩት ባለሮሻን ቤቶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአጅያድ ምሽግ በ2002 ፈርሶ በቦታው 601 ሜትር የሚረዝም ባለሰዓት ማማ ያላቸው የሆቴል ሕንፃዎች ቆሙ። እዚያ የሚያድር ሐጃጅ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ካዕባን ያያል፤ ስለ ክፍሉ የቀድሞ ነዋሪ የሚያወራለት ግን አያገኝም። ለዚህ ነው የመካን የድሮ ቤት ኑሮ ለማወቅ ወደ መጻሕፍት መሄድ የሚያስፈልገው፤ መጻሕፍቱ ደግሞ ወደ እኛ ይመልሱናል።

ባሕር የተሻገረው ዛር

ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት እ.ኤ.አ. በ1814 ጅዳንና መካን አይቶ ሲጽፍ፣ በባለጸጎቹ ቤት የሐበሻ ሴቶች በብዛት እንደሚገኙ ተናግሯል። ከምጽዋና ከታጁራ በጀልባ የተጫኑ፣ ከሸዋ፣ ከጉራጌ፣ ከከፋ፣ ከኦሮሞ አገር የተፈነገሉ ሕፃናትና ልጃገረዶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ለጌታው ልጅ ወልደው የቤቱ እመቤት እስከመሆን ደርሰዋል፤ ብዙዎቹ ግን ውኃ ሲቀዱ፣ ሲፈጩ፣ ሕፃን ሲያሳድጉ በዚያው አልፈዋል።

ሆላንዳዊው ምሁር ስኑክ ሁርኽሮንየ በ1885 መካ ገብቶ ወራት ተቀመጠ። በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የመካ ሴቶች ሕይወት በሰፊው ተገልጿል፤ ከዚያም ውስጥ አንዱ ዛር ነው። ሴትዮዋ ትታመማለች፣ ሐኪም መድኃኒት ያጣላታል፣ ሼኻ የምትባል አዋቂ ትጠራለች። ከበሮ ይመታል፣ ዕጣን ይጤሳል። በሴቲቱ ላይ የሰፈረው ተነሥቶ የሚፈልገውን ይናገራል፦ አዲስ ቀሚስ፣ ጌጥ፣ የሚታረድ በግ። የሐበሻ፣ የሱዳን፣ የመግሪብ እየተባለ የየአገሩ ሥርዓት ነበረው። ባሎችና የሃይማኖት ሊቃውንት አልወደዱትም፤ ሴቶቹ አልተዉትም።

ጎንደር ላደገ ወይም የወሎን ወዳጃ ላየ ሰው ይህ ሁሉ የራሱ አገር ነገር ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ዛርን ሲያጠና የመዘገበው ከበሮና ዕጣን፣ ልብስና ጌጥ የሚጠይቅ መንፈስ፣ ከመካው ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ብዙ አጥኚዎች ዛር ወደ ሱዳን፣ ወደ ግብፅና ወደ ሕጃዝ የተዛመተው በዋናነት በባርነት በተወሰዱ ሴቶች አማካይነት ነው ይላሉ። ምንም ንብረት ይዘው መሄድ ያልቻሉ ሰዎች ቆሌያቸውን ይዘው ሄዱ። ገዢው ቤት ውስጥ ያገኙት ብቸኛ የመናገሪያ መንገድ እሱ ነበር፤ በራሷ ስም አንዲት ነጠላ መጠየቅ የማትችል ባሪያ፣ በዛሯ ስም ሐር ትጠይቃለች።

«ምንም ንብረት ይዘው መሄድ ያልቻሉ ሰዎች ቆሌያቸውን ይዘው ሄዱ።»

በባለዛሮች ዘንድ የሚነገረው የዛር አመጣጥ እንዲህ ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ ሲመጣ፣ ዓይን እንዳይበላቸው ወይም እንዳይወሰዱባት ፈርታ እጅግ ያማሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች። እሱም የደበቅሻቸው እንደተደበቁ ይኑሩ አለ። የተደበቁት ዛሮች ሆኑ፤ በሌሊት የሚመላለሱ፣ የማይታዩ፣ ከሚታዩት ወንድሞቻቸው ይልቅ ውብና ብርቱ የሆኑ። የሰው ልጅ ደግሞ የቀሩት ዘር ነው።

አሁን ጅዳን እናስባት። የሔዋን ማረፊያና መቃብር አለባት የምትባል ከተማ፤ ሔዋን ልጆቿን ደበቀች ብለው የሚያምኑ ሴቶች በግድ የተወሰዱባት ከተማ። የሮሻን ቤት ሴቶቹን ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራቸው ነበር፤ ባሮቹን ደግሞ ታሪክ ሰወራቸው። ይህን አንድ ላይ ሳየው፣ ስለ ማይታዩ የአል-በለድ ነዋሪዎች የሚነገረውን ወሬ እንደ ተራ ማስፈራሪያ ልሰማው አልቻልኩም።

መዳም፣ ሠራተኛና ሲህር

ነገሩ ዛሬም አላበቃም። የባርነት ሥርዓት በሳዑዲ ዐረቢያ በ1962 በአዋጅ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ትልልቆቹ ቤቶች የሚገቡት የሐበሻ ሴቶች ደመወዝተኞች ናቸው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ሊቀል አይገባም። ጥርጣሬው ግን ተከትሏቸዋል። መዳም ራሷን ካመማት፣ ልጅ ሌሊት ከጮኸ፣ በሠራተኛዋ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ክታብ፣ ክር ወይም የፀጉር ቁራጭ የሲህር፣ የድግምት፣ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። እናቷ ለጥበቃ አንገቷ ላይ ያሠረችላት ነገር እንደ ጦር መሣሪያ ይታያል። የአገሩ የሃይማኖት ፖሊስ በ2009 ሲህርን የሚከታተል ልዩ ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ በ2011 በሲህር ክስ ሰዎች በሞት ተቀጥተዋል። በ2016 የሃይማኖት ፖሊሱ ሰው የማሰር ሥልጣን ተነሣ።

ከጅዳ የተመለሱ ሴቶች ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ነገር አለ፤ ከጅኑ ይልቅ ያስፈራን የነበረው ጅን አመጣሽ መባል ነው ይላሉ።

ወጣቱ ትውልድ በአንጻሩ ፍርሃቱን መዝናኛ አድርጎታል። በ2012 በሪያድ ዒርቃ በተባለው የተተወ ሆስፒታል ጅን ሰፍሮበታል ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲወራ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች ገብተው መስታወት ሰባብረው እሳት እስከመለኮስ ደረሱ። በአል-በለድ ያደሩ እንግዶችም ስልካቸውን ይዘው በጨለማ ደረጃ እየወጡ ይቀርጻሉ።

አዳሩ

ታዲያ በታደሰ የአል-በለድ ቤት ያደረ ሰው ምን ያጋጥመዋል? ማቀዝቀዣው እስከሠራ ድረስ ድምፁ ሌላውን ይውጣል። ሲጠፋ ቤቱ ይሰማል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ከሰፈሩ ጥንታዊ መስጊዶች የፈጅር አዛን ይነሣል።

ባልለመዱት ቤት እንቅልፍ እንደማይጠና ሁሉም ያውቃል። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ይፋ ያደረጉት ጥናት፣ ሰው አዲስ ቦታ በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኛ ከአንጎሉ አንዱ ግማሽ ከሌላው ይልቅ ንቁ ሆኖ እንደሚያድር አሳይቷል፤ ትንሽ ድምፅ ያነቃዋል። ዑምራ አድርጎ፣ ብዙ ተጉዞ፣ የእንቅልፍ ሰዓቱ የተዛባበት መንገደኛ ደግሞ ለዱካክ የተጋለጠ ነው። ዓይኑ ይገለጣል፣ ክፍሉን ያያል፣ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር ይጫነዋል፣ መጮኽ ያምረዋል፣ አካሉ አይታዘዘውም። ሐኪሞች አእምሮ ነቅቶ ጡንቻ ገና በእንቅልፍ ላይ ሲሆን የሚፈጠር ነው ይላሉ። በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል። ዐረቦች ጃሡም ይሉታል። በየአገሩ «መንፈስ አየሁ» ከሚሉ የሆቴል እንግዶች ስንቶቹ ያዩት ይህን እንደሆነ መገመት ይቻላል።

ያገሬው ሰው የራሱ ሥርዓት አለው። በቀኝ እግሩ ይገባል፣ ቢስሚላሂ ይላል፣ ባዶ ክፍል ሲከፍት ሰላምታ ይሰጣል፣ ሳይተኛ ከቁርአን አየተል ኩርሲይን ያነባል። ሙቅ ውኃ መሬት ላይ አይደፋም፤ በአገራችንም ብዙ አያቶች ይህን ይከለክሉ ነበር። ሐኪሙ የሚለውን የሚያምን ሰውም ቢሆን ሥርዓቱን ቢፈጽም የሚቀርበት ነገር የለም፤ እኔ እፈጽመዋለሁ።

ስማቸው የተጻፈው

የአል-በለድ አስጎብኚዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። የባለቤቱን ቤተሰብ፣ ያረፈውን ንጉሥ፣ የቲኩን እንጨት፣ የግመሉን ደረጃ ይናገራሉ። ላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍል ማን ይተኛባት ነበር ተብለው ሲጠየቁ መልሱ አጭር ነው፤ አገልጋዮች። እንደ እኔ አስተያየት ትልቁ ጉድለት እዚህ ነው፤ ከአስጎብኚዎቹ ይልቅም የእኛ ጉድለት ነው፣ ሄደን ስላልጠየቅን።

ሰዎቹ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። ብሪታንያ በ1927 ከንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ጋር የጅዳን ውል ስትዋዋል፣ ወደ ቆንስላዋ ሸሽቶ የመጣን ባሪያ ነጻ የማውጣት መብቷን አስጠብቃ ነበር፤ ይህም እስከ 1936 ቆይቷል። ከአል-በለድና ከመካ ቤቶች ሌሊት የወጡ ሰዎች ወደ ቆንስላው በር ደረሱ። ከመካከላቸውም የአገራችን ልጆች ነበሩ። የቆንስላው ጸሐፊ ስማቸውን፣ የትውልድ አገራቸውን፣ ማን እንደያዛቸውና በየት በኩል ባሕር እንደተሻገሩ ቃላቸውን ይቀበል ነበር። ወረቀቶቹ ዛሬ በለንደን ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። የእኛ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ግልባጩን ቢያስመጣ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ አንዱን ጥራዝ ወደ አማርኛ ቢመልስ፣ የጅዳም ሆቴሎች ለእንግዳ ከሚያነብቡት የቤት ታሪክ አንዷን ገጽ ለእነዚህ ሰዎች ቢሰጡ፣ በዚያ ቤት የሚያድር ሐበሻ «እዚህ ማን ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ የሰው ስም ይነገረዋል።